አምሳሉ ባሕር የደረሰ ዕለት

በጣሊያን ጊዜ ለልደታ ሰው ባሕር ማለት ሰው የሚወሰድበት እንጂ የሚሄድበት አልነበረም። ዛሬ ዛሬ ባሕር ዳር ወርጄ ልናፈስ የሚል አይጠፋም፤ ያን ጊዜ እንዲህ የሚል ቢገኝ ግን ዘመዶቹ ይዘው ጠበል ያስገቡት ነበር። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ስንቱ በካሚዮን ታጭቆ ሄደ! «ወዴት ወሰዱት?» ሲባል መልሱ «ወደ ባሕር» ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም፤ ነጠላውን ዘቅዝቆ የሚያለቅስ እንጂ።

አምሳሉ ግን ባሕር ደርሶ ተመለሰ። ያውም ወፈር ብሎ።

ይህ አምሳሉ የሚሉት ሰው ልደታ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በሚኖር አንድ የጣሊያን ሻምበል ቤት ወጥ ሠሪ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ልዩነቱን እናንተው ፍረዱ። ሻምበሉ ወደ መቋድሾ ሲዛወር ሚስቱን ይዞ በአውሮፕላን በረረ። አምሳሉን ደግሞ ከቤት ዕቃው ጋር በወታደር ካሚዮን ላይ፣ በሳጥንና በፍራሽ መካከል አስቀምጦ፣ ብቻውን ሰደደው። ጊዜው ሰው ከየመንገዱ እየታፈሰ የሚጫንበት ነው። ጎሕ ሲቀድ አምሳሉ በሁለት ካራቢኔሪ ፖሊሶች መካከል ካሚዮን ላይ ሲወጣ ያየው ሁሉ ደረቱን መታ። «አሽከራቸው ሆኖ እንኳ አልማሩትም!» አለ ሰፈሩ። በፊት ባንዳ እያለ ከኋላው ምራቁን ሲተፋበት የነበረው ሳይቀር አዘነለት። አምሳሉም ካሚዮኑ ላይ ሆኖ ሲለቀስለት ሰማ። አንገቱን ብቅ አድርጎ «ኧረ ለሥራ ነው የምሄደው» ማለት ይችል ነበር። አላለም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሻምበሉ ወደ አገሩ ተጠራ፣ አምሳሉንም አሰናበተው። እሱም የጭነት መኪና እየለመነ፣ ከአንዱ ወርዶ አንዱ ላይ እየወጣ፣ በወርኃ ግንቦት መጀመሪያ ሰንጋ ተራ ደረሰ። ከብቱ፣ አቧራው፣ የነጋዴው ጩኸት እንደነበረ ነው። እዚያ አንድ ግንብ ጥግ ቁጭ አለና ጫማውን አወለቀ።

ጫማው ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሻምበሉ ሲሰናበተው የሰጠው ነው። ከነጭ ጃኬቱ ጋር ጠቅልሎ በጨርቅ አሰረው። እንግዲህ አታልላቸዋለሁ ብሎ አይደለም፤ ይህንን እንኳ እመሰክርለታለሁ። ጫማው ቀድሞት ሰፈር ገብቶ እንዳያወራበት ብቻ ነው የፈራው። አንድ ነገር ግን ጠፍቶታል፤ ሁለት ዓመት ጫማ ለምዶ በአሸዋ ላይ ሲንሸራሸር የኖረ እግር የልደታን ኮረት አይችልም። ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ያነክስ ጀመር።

ሐሳቡ ማንም ሳያየው ሹልክ ብሎ ቤቱ መግባት ነበር። ቀኑ የግንቦት ልደታ መሆኑን ረስቶ! የልደታ ልጅ ሆኖ ልደታን የረሳ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከትልቁ ወይራ ሥር ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ንፍሮው በትልቅ ድስት ይንተከተካል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ተቀድቷል። እንደምታውቁት በግንቦት ልደታ የሚበላው ሁሉ ደጅ ይበላል፤ የተረፈው ወደ ቤት አይመለስም። ስለት ያለበትም በሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ ይከፍላል። ጣሊያን ሰው ተሰብስቦ ማየት ባይወድም፣ ያን ቀን ልደታን ቤት ግቢ የሚላት አልተገኘም።

መጀመሪያ ያየችው ማናለብሽ ናት። ማናለብሽ ጠላ ሻጭ ናት፤ ዶሮዋን ስትጠራ አብነት ሰፈር ድረስ ይሰማል።

«በስመ አብ! ኧረ አምሳሉ! ኧረ አምሳሉ ከባሕር መጣ!»

ሰው ግር ብሎ ተነሣ። ይስመዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ያለቅስበታል። ለካ ከጥቂት ቀን ወዲህ ምሕረት ተደርጎ ግዞተኞች ይመለሳሉ የሚል ወሬ ተነዝቷል፤ አምሳሉ ይህን አያውቅም።

«እግሩን እዩት፣ ያነክሳል! የእግር ብረት ነው!» አለች ማናለብሽ።

«ግን ወፈር አላለም?» አለ አንዱ ከወደ ኋላ።

«የታባቱ ውፍረት! እብጠት ነው እንጂ። የጨው ውሃ ነው ያሳበጠው። ዓይን የለህም?»

አምሳሉ አፉን ከፈተ። ከዚያም እትዬ ወለተሰንበትን አየና መልሶ ዘጋው።

እትዬ ወለተሰንበት ማለት የእናቱ ጎረቤት ነበሩ። እናቱ በወሊድ ስትሞት ፍሰሐ የሚባለውን የራሳቸውን ልጅ በአንድ ጡት፣ እሱን በሌላው ይዘው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ፍሰሐና አምሳሉ አንድ መደብ ላይ ተኝተው፣ ባንድ ትሪ በልተው አደጉ። ያ ፍሰሐ ደግሞ በዚያው በክፉው ወር ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሲመለስ መንገድ ላይ ተይዞ ባሕር ወርዷል። እንግዲህ ለሳቸው ሁለት ልጅ ነው ባንድ ወር የተወሰደባቸው። በቀጣዩ ግንቦት ልደታ ከዚሁ ወይራ ሥር ቆመው ተሳሉ፤ «ልደታዬ፣ ሁለቱን ልጆቼን ከባሕር አውጥተሽ ብታሳይኝ፣ ከዚህ ዛፍ ሥር በሰው ፊት እግራቸውን በእጄ አጥባለሁ፣ በግም እጥልልሻለሁ» ብለው። ይህን ስለት በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ በጉም ከርሞ ሙክት ሆኗል።

መጡና ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። እጃቸው ሻካራ ነው፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። አላለቀሱም።

«ልጄ። መጣህልኝ።»

«እንደምን ሰነበቱ እማማ» አላቸው።

«ሰነበቱ? ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ ያልከኝ?»

እውነታቸውን ነው። ያደገው አንቺ እያላቸው ነው። ዛሬ አንቺ የምትለዋ ቃል አፉ ላይ አልወጣ አለች። ዓይናቸውን ማየትም አቃተውና የነጠላቸውን ጥለት ማየት ያዘ።

«ውሃ አምጡ!» አሉ እትዬ ወለተሰንበት። «ሳፋውንም። የአንዱን እግር ልጠብ፣ የስለቴን እኩሌታ እንኳ ልክፈል።»

አምሳሉ ደነገጠ። «አይሆንም! የለም እማማ፤ ፍሰሐ ሲመጣ አንድ ላይ ይሁን። ያለ ፍሰሐ አይሆንም።»

ይህችን ያለው እግሩን ለማዳን ነው። ሰፈሩ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወይ ፍቅር! እዩልኝ፣ ያለ ወንድሙ አልታጠብም አለ!» ማናለብሽ ዓይኗን ጠረገች። አምሳሉ ከወይራው ግንድ ሥር ተቀመጠና እግሩን ከበታቹ ሰበሰበ፣ ጥቅልሉንም ከጀርባው ሸጎጠ።

አቶ ኢዶሳ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ምርቃትም ሽምግልናም ያለ እሳቸው አይሆንም። ጠላ በዋንጫ አስይዘውት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስቲ ልጄ፣ ልብህ ከቻለ ንገረን። እኛ ባሕር የሚሉትን በጆሯችን እንጂ በዓይናችን አናውቀውም። የደረስክ ዕለት ምን አየህ?»

አምሳሉ ተቸገረ። አልናገርም ቢል ነውር ነው፣ ልናገር ቢል ደግሞ ምኑን? እንግዲያውስ ከእውነቱ የማይጎዳውን ልምረጥ ብሎ ጀመረ።

«ውሃው መጨረሻ የለውም» አለ። «ይሄ ሁሉ ውሃ፣ አንድ ጉንጭ አይጠጣም።»

«ወይ ፈተና» አሉ ሴቶቹ።

«አሸዋው እንደ ምጣድ ይፋጃል። በዚያ ላይ ራቁታቸውን ተጋድመው ይውላሉ፣ ሴት የለ ወንድ የለ። ፊታቸው ይቀላል፣ ትከሻቸው ይላጣል።»

«ራቁታቸውን!» ማናለብሽ ጮኸች። «ሴቶቹንም?»

«አዎ። ዘይት ይቀባሉ፣ ከዚያ ይገለበጣሉ፤ በጀርባ ሲበቃ በሆድ።»

«ዘይት ቀብተው እያገላበጡ! ኧረ እንደ ሥጋ ነው እንዴ የሚጠብሷቸው? አንቺ ልደታ የምትሠሪውን አታጪም፣ ፍረጂባቸው!» አለች።

አምሳሉ ነገሩ ወዴት እንደዞረ አሁን ገባው። «የለም፣ ማለቴ እነሱ ራሳቸው ወደው...» ሲል አቶ ኢዶሳ እጃቸውን አነሡ። «ተይ ማናለብሽ፣ ይጨርስ። መኝታችሁስ?»

«ባሕሩ ዳር የእንጨት ቤት አለ፣ በረድፍ የተሠራ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዝ። ልብሳቸውን እዚያ ያወልቃሉ። ከዚያ ጨው ውሃው ውስጥ ይገባሉ፣ እየተንቀጠቀጡ ይወጣሉ፣ መልሰው ይገባሉ። ራቅ ካሉ ዘበኛው ፊሽካ ይነፋባቸዋል።»

እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት። የሻምበሉ ሚስት ሲኞራዋና ጓደኞቿ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ለዚህም ነው ከሩቅ የሚመጡት። ግን ለደስታው ብሎ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ቆዳውን የሚያስልጥ ሰው አለ ብሎ ለልደታ ሰው ማን ያስረዳል? ፀሐይ ሸሽቶ ጥላ የሚፈልግ አገር ነው። ሰዎቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ያለቅሳሉ፣ አምሳሉ ይሰማል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እሱም ዝም አለ። ፊቱ ግን እሳት እንደነካው ጋለ።

ስለዚያ ቀን ያልተናገረው ሌላ ነው። ያልተናገረው ደስ ብሎት እንደነበረ ነው። ካሚዮኑ ኮረብታውን ሲወርድ ባሕሩ ድንገት ወለል ሲልለት፣ ሰማይ ወርዶ የተነጠፈ መስሎት ብቻውን ሳቀ። ደጅ ላይ ሲደርስ ሲኞራዋ ነጭ ጃኬትና ነጭ ሸራ ጫማ ሰጠችው፤ በዕድሜው አዲስ ጫማ አድርጎ አያውቅም። እዚያ ባንዳ የሚለው የለም፣ የሚያለቅስ የለም። ነፋሱ ጃኬቱን ሲነፋው ራሱን ሹም ሹም አለው። የየካቲቱን ሬሳ፣ የተቃጠለውን ቤት፣ ፍሰሐን ራሱን ረስቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ደስ ብሎት ዋለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የዚህ ደስታው ቅጣት ይመስለዋል።

እትዬ ወለተሰንበት አሁን ተጠግተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«ፍሰሐንስ?» አሉ። «አየኸው?»

«አየሁት።»

«በሕይወቱ?»

«በሕይወቱ። የደረስኩ ዕለት ነው ያየሁት።»

ማናለብሽ እልል ልትል ስትነሣ እትዬ ወለተሰንበት በእጃቸው መለሷት። የሚጠይቁት ገና አላለቀም። «ውሃ ያገኝ ነበር? አንተ ታውቃለህ፣ ፍሰሐ ከሕፃንነቱ ውሃ ጥም አይችልም። ረኃቡን ይችለዋል ልጄ። ይሄን ሁለት ዓመት ማታ ማታ የማስበው እሱን ነው፤ በዚያ ሙቀት ማን ውሃ ሰጠው እያልኩ።»

ከሁሉ ነገር መርጠው ይህችን ይጠይቁት! ቃሉ ከአምሳሉ አፍ አምልጦ ወጣ።

«እኔ ሰጠሁት» አለ። «በእጄ።»

እልልታው ቀለጠ። ሰው ግንባሩን ይስመዋል፣ እጁን ይስመዋል። እትዬ ወለተሰንበት ያን ቀኝ እጁን ይዘው መዳፉን ዓይናቸው ላይ አደረጉት፤ አሁን ገና አለቀሱ። እንባቸው በጣቶቹ መካከል ሲወርድ አምሳሉ እጁ ከትከሻው ተቆርጦ ቢወድቅ ወደደ።

የሆነው እንዲህ ነው። ያን ዕለት ሲኞራዋ ወደ አሸዋው ስትወርድ ከኋላዋ ፎጣ፣ ጃንጥላና በበረዶ የቀዘቀዘ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ይከተላት ነበር። ነጮቹ የሚተኙበትን ሊያጸዱ እስረኞች መጥተዋል፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ በእግር ብረት ተቆራኝተው ባሕሩ የተፋውን አረም ይለቅማሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቀና አለ። አጥንቱ የወጣ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ። «አምሳሉ!» አለ። «ወንድሜ! እባክህ ጉንጭ ውሃ!»

ሲኞራዋ ዘወር ብላ አየችው። «ታውቀዋለህ?» አለችው።

ጠርሙሱ በእጁ አለ። ቅዝቃዜው ጣቱን ያደነዝዘዋል። አምሳሉ ነጩን ጃኬቱን አየ፣ ዘበኛውን አየ፣ ብረቱን አየ።

«አላውቀውም ሲኞራ» አለና አለፈ።

ከኋላው ዘበኛው ፍሰሐን በሰደፍ ሲመታው ሰማ፤ አልዞረም። ፍሰሐም ሁለተኛ አልጠራውም። ቢጠራው ይሻል ነበር። በማግስቱና ከዚያም በኋላ በየቀኑ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዞ ወደ አሸዋው ወረደ፤ ለማን እንደሆነ ሲኞራዋ ብትጠይቀውም አልነገራትም። እስረኞቹ ግን ተመልሰው አልመጡም።

አሁን እነሆ ሰዉ እጁን ይስመዋል። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ቢሆን ጠላውን ጠጥቶ በኩራት ይቀመጥ ነበር፤ አምሳሉ ግን ዓይነ ደረቅነቱም አልሆነለትም። «እማማ፣ ደክሞኛል፣ ቤቴ ልግባና ልረፍ» ብሎ ተነሣ።

«የቱ ቤትህ? ቤትህ ጣራው ወድቋል። መደብህን እኔ ቤት አንጥፌ ነው የጠበቅሁህ፤ በየቅዳሜው ነው የማራግፈው። ቁጭ በል!»

ቁጭ አለ። ምን ያድርግ?

ብዙም ሳይቆይ ከሰንጋ ተራ ወገን አንዲት በቅሎ ብቅ አለች። ልጓሟን የያዘው ሳኒ ነው፤ ሰንጋ ተራ ጨው የሚሸጠው ነጋዴ። በቅሎዋ ላይ ያለው ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቧል፣ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። «ግዞተኞቹን ዛሬ አራገፏቸው» አለ ሳኒ ከሩቁ። «ይሄኛው የልደታ ልጅ ነኝ ብሎኝ ነው ያመጣሁት።»

ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ሲያፈጥ እትዬ ወለተሰንበት ነጠላቸው መሬት ወድቆ፣ በባዶ ራሳቸው ሮጠው ደረሱ። ከዚያ ያለውን አልተርክላችሁም፤ እናት ልጇን ስታገኝ የምታደርገውን ታውቃላችሁ። እኔ የማየው አምሳሉን ነው። አምሳሉ ከግንዱ ሥር እንደተቀመጠ ደርቋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ዐፈር ስሞ ይገባ ነበር። ልሩጥ ቢል እግሩ ቆስሏል፤ ወዴትስ ይሮጣል?

ፍሰሐን ደግፈው አምጥተው ፊት ለፊቱ አስቀመጡት። ዕድሜው የአምሳሉ እኩያ ነው፤ ሽማግሌ መስሏል። ዓይኑ ግን ያው የድሮው ዓይን ነው። ሁለቱ ተያዩ።

ማናለብሽ አላስችላት አለ። «ፍሰሐዬ! ወንድምህ ሁሉን ነግሮናል! የተጠበሳችሁትን፣ ጨለማ ቤቱን! በእጁ ውሃ እንደሰጠህም! ያለ ፍሰሐ እግሬን አልታጠብም ብሎ ይኸው እስካሁን ቁጭ ብሏል!»

ፍሰሐ ከአምሳሉ ጀርባ ወደተሸጎጠው ጥቅልል አየ፤ የቡናማው ጫማ ተረከዝ በቀዳዳው ብቅ ብሏል። ከዚያ እናቱን አየ። እናቱ እጁን ይዘው ፊታቸው በርቶ ከአፉ የሚወጣውን ይጠብቃሉ።

«ውሃ ሰጠኝ አላችሁ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ!» አለ ሰዉ ባንድ አፍ።

«እንግዲያው እሱ እንዳለው ነው» አለ ፍሰሐ።

አምሳሉ ይሰድበኛል፣ ይተፋብኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። ቢሰድበው መልስ ነበረው፤ ፈርቼ ነው፣ እኔም ይገድሉኝ ነበር ይል ነበር። አሁን ግን አንገቱን ደፋ፣ ሐፍረቱ እስከ ጆሮው ሥር ወጣ።

ሳፋው መጣ። እትዬ ወለተሰንበት ተንበርክከው መጀመሪያ የፍሰሐን እግር አነሡ። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያውን ጠቁሮ፣ ብረቱ የበላበት ቆዳ ቀለበት ሠርቶ ደርቋል። ሴቶቹ አነቡ። እሳቸው ግን እንደ ሕፃን እግር ቀስ አድርገው አጠቡ፣ ሳሙት፣ በጨርቅ አደረቁት።

«አንተስ? አምጣ።»

«እማማ፣ ይቅርብኝ...»

«አምጣ ብያለሁ። ስለት ነው።»

ሰው ሁሉ ያያል። አምሳሉ የተቀመጠበትን እግር አወጣና ሳፋው ውስጥ አደረገ። እትዬ ወለተሰንበት ያዙት። አውራ ጣታቸው ቁርጭምጭሚቱን አንድ ጊዜ ዞረው። ቆሙ። መልሰው ዞሩት፤ ጣታቸው የሌለ ነገር ይፈልጋል። ቆዳው ለስላሳ ነው። ተረከዙ የልጅ ተረከዝ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ በታች እግሩ ከላዩ ይልቅ ቀላ ብሎ፣ ፀሐይ ያልነካው የጫማ ቅርጽ በግልጽ ይታያል። የዛሬው ኮረት ከላጠው በቀር አንዲት ጠባሳ የለም።

ቀና ብለው አዩት። አምሳሉ የዚያን ዕይታ ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሊረሳው አልቻለም። ቁጣ ቢሆን ይችለው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገና አምስት ዓመቱ ሳለ፣ የፍሰሐን ዳቦ ሰርቆ በልቶ ሲክድ እንዲህ አድርገው አይተውት ነበር።

«ቁስሉ ከፍቷል?» አለች ማናለብሽ አንገቷን አስግጋ። «እስቲ ልየው!»

እትዬ ወለተሰንበት መልሰው የደረቡትን ነጠላ ከትከሻቸው ሳብ አድርገው ሳፋውንም እግሩንም ሸፈኑት። «ሂጂ ወዲያ!» አሏት በቁጣ። «የሰው ቁስል እንዲህ አፍጥጠው አያዩትም። ዞር በይ፣ ንፍሮሽን አማስይ!»

ማናለብሽ አፍራ ዞረች። እሳቸውም በነጠላው ሥር ያን ጤነኛ እግር እንደ ፍሰሐ እግር ቀስ አድርገው አጠቡት፣ አደረቁት። መሳሙን ግን አልሳሙትም። ሲጨርሱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው «ተነሥ» አሉት። «ሁለት ልጅ ብዬ ነው የተሳልኩት። ስለቴን አታጉድልብኝ።»

ተነሣ። ፍሰሐን በግራቸው፣ አምሳሉን በቀኛቸው ይዘው ከወይራው ሥር ቆሙ። አምሳሉ እጃቸው ይለቀኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን አጥብቀው ያዙት።

«ልደታዬ፣ ሁለቱንም ከባሕር አውጥተሽ አሳየሽኝ» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አቶ ኢዶሳ መረቁ፣ ሰፈሩም ባንድ ድምፅ አሜን አለ። አምሳሉም አሜን ሊል ፈለገ፣ ምላሱ ግን ከላንቃው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለው።

ፍሰሐ ይህን አየ። ጎንበስ ብሎ ከእንስራው ውሃ በጣሳ ቀዳና እያነከሰ መጣ።

«እንካ» አለው። «አፍህ ደርቋል።»

«እዩልኝ እነዚህን ወንድማማቾች!» አለች ማናለብሽ እንባዋን እየጠረገች። «እዚያ የሰጠውን ይኸው እዚህ መለሰለት!»

አምሳሉ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ወደ አፉ አስጠጋ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያየዋል፣ ፍሰሐም ያየዋል፣ እማማም ያዩታል። ጎነጨው፤ ውሃው ግን አልወርድለት አለ።